የአባዬ ጉልበትና የተሳቢው ጭራ

ሰኞ ማታ

ሥልጠናው ተጀመረ። አንድ በርሜል ገደልኩ፣ አንድ አቆሰልኩ።

ከባድ መኪና ወደ ፊት መንዳት ማንም ይችላል። ተሳቢ ተቀጥሎበት ወደ ኋላ መሄድ ግን ራሱን የቻለ ሃይማኖት ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሪ የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወደ ግራ ስታዞሪ ወደ ቀኝ። ልክ እንደ እማዬ። "ልውጣ?" ስትያት "ውጪ፣ ማን ያዘሽ" ትላለች፣ ከወጣሽ ግን አለቀልሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እማዬን ስነዳ ስለኖርኩ ይሄ አይከብደኝም ብዬ ነበር። ከበደኝ።

አሰልጣኛችንን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም "በቀስታ" ነው የሚለው፣ ከአፉ የሚወጣው ቃል እሱ ብቻ ስለሆነ። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አለው፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ። ጥላው ሲዞር ወንበሩን እየጎተተ አብሮ ይዞራል። ሻይ ሲያምረው ደግሞ ባለበት ጥሎት ይሄድና ተመልሶ "ወንበሬን ማን ወሰደው?" ይላል። ዛሬ በርሜሉ ሲሞት ተነሥቶ ሬሳውን አየና "ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለኝ።

"ወደ ኋላስ ይሄዳል ጋሼ?" አልኩት።

ወንበሩን ጎተተና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።

አብሮኝ የሚሠለጥነው ሰውዬ ዕድሜውን በሙሉ ታክሲ የነዳ ነው፤ ጋሼ ታክሲ ብዬዋለሁ። "እኔን ስለ መሪ የሚያስተምረኝ ገና አልተወለደም" ብሎ ገባ። ለምልክት የተደረደሩትን ሦስቱንም በርሜሎች ጨረሳቸው። ከዚያ ወርዶ በርሜሎቹን ተቆጣቸው።

እራት ላይ አባዬ ሳህኑን እያየ እንዲህ አለ፦ "እስከ ክረምቱ መውጫ ጊዜ አለሽ። ካለፍሽ አረንጓዴዋ ያንቺ ናት። ካላለፍሽ ትሸጣለች። ጉልበቴ ከዚህ በኋላ አልቻለም።"

አረንጓዴዋ መኪናችን ናት። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ከእኔም በላይ ትታጠባለች። እማዬ "ጣውንቴ" ነው የምትላት። "ጣውንቴ ዛሬ ዘይት ጠጣች? ጣውንቴን ብርድ እንዳይመታት ሸራ አልብስልኝ።" ጣውንቷ ልትሸጥላት ነው ሲባል እልል ማለት ነበረባት። እሷ ግን ተነሥታ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

አረንጓዴዋን ማንም አይገዛትም። ማለቴ፣ ማንም እንዲገዛት አልፈቅድም።

ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ዛሬ በርሜል አልሞተም። አንዱ ቆስሏል፣ ይተርፋል። ጋሼ ታክሲ ወደ ኋላ እየሄደ ጡሩምባ ይነፋል፤ በርሜሉ ገለል የሚልለት መስሎት።

ዓርብ

በሥልጠናው ግቢ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ በቀስታም ዛሬ እንደ መሐላ አስደገመን። ወደ ኋላ ስትሄጂ ከኋላ ቆሞ የሚጠራሽ ሰው አለ። "ነይ" ካለ ትመጫለሽ፣ "ቁረጪ" ካለ መሪውን አዙረሽ ትቆርጫለሽ፣ "መልሺ" ካለ ትመልሻለሽ፣ "በቃ" ካለ ትቆሚያለሽ። "ጠሪሽ ዓይንሽ ነው" አለ በቀስታ። "ከዓይንሽ ጋር አትከራከሪም።" ጠሪው ሳይል መቆም "አላምንህም" ማለት ነው፤ ስድብ ነው። አንድ ሹፌር አንዴ እንዲህ አድርጎ ጠሪው እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም አሉ። አንደኛው ሴት ልጁን ለሌላኛው ወንድ ልጅ ድሮ፣ በሠርጉ ላይ እንኳ ጀርባ ሰጥተው ነው የተቀመጡት።

ሽማግሌዎች የሚኮራረፉበት ነገር ሲያልቅባቸው ሕግ ያወጣሉ።

እሑድ ማታ

አባዬ ዛሬ በአረንጓዴዋ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ወዳለው ባዶ ሜዳ ወሰደኝ። ማለት እኔ ነዳሁ፣ እሱ ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ "ያ ሰሌዳ ምን ይላል? ያኛውስ?" እያለ አስነበበኝ። "ሹፌር ማንበብ አለበት" ይላል። አንዱ የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ነበር። እሱንም አነበብኩ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ "ስፖኪዮውን ተይው" አለኝ። "መስኮቱን ክፈቺና ስሚ።"

"ምን ልስማ?"

"ሞተሩን። ከኋላሽ ሜዳ ሲሆን ድምፁ ተበትኖ ይሄዳል። ግድግዳ ሲቀርብ ይመለስና ይወፍራል። ስሚ፣ ዝም ብለሽ ስሚ።"

ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

"አባዬ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መንዳት ያስተምራል?"

"ዓይን ይሸነግላል" አለኝ፣ ቀን መቁጠሪያ ላይ እንደተጻፈ ጥቅስ። ሳቄን ዋጥኩት። ከዚያ ግን "ነይ... ነይ... ወፈረ፣ ሰማሽ?... ነይ... በቃ!" አለ። ወርጄ ለካሁት። በተሳቢውና በግድግዳው መሀል የቀረው አንድ ስንዝር ነበር። የኔ ስንዝር፣ ትንሹ። እሱ ከጋቢናው አልወረደም።

"ስንት ቀረ?"

"ስንዝር።"

"የማን?"

"የኔ።"

"በዛ" አለ።

እንዲህ ያለ ጉረኛ አባት ይዤ ትሕትና ከየት አባቴ ላምጣ?

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል "እንግባ፣ ሞተሯን ብርድ ይመታታል" አለ። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ፣ ከመሸ አይነዳም። ሞተር ብርድ ሲመታው ያየሁት እኛ ቤት ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ሳልጽፈው ካደርኩ እፈነዳለሁ!

ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር ላይ ቀሚስ የሚያለብሷት አሻንጉሊት አለች፣ ጭንቅላት ያላት። አባዬ ዛሬ ኮፍያውን አወለቀና "እንደምን ዋልሽ እህቴ? ልጆች ደህና?" አላት። ቆሞም መልስ ጠበቀ! ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ "ኩራተኛ ናት፣ ሰላምታ አትመልስም" አለኝ።

"አባዬ፣ አሻንጉሊት እኮ ናት።"

"አውቃለሁ፣ ቀልዴን ነው።"

ቀልዱ ከሆነ ጆሮው ለምን ቀላ?

ሐሙስ

የአሻንጉሊቷን ነገር ግቢ ውስጥ አወራሁላቸው፤ ድምፁን እያስመሰልኩ፣ ኮፍያውን እያወለቅኩ። በቀስታ እንኳ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ጋሼ ታክሲ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ድንገት አቆመ፣ እንደ ፍሬን።

በኋላ ከተሳቢው ሥር ጎማ እያየሁ ሁለቱ ከወዲያኛው በኩል ሲያወሩ ሰማሁ።

"በቀደም አባቷ ገበያው መታጠፊያ ላይ ለትንሽ ነው እኔን ሳይገጨኝ የቀረው። ፊት ለፊቱ ቆሜ!"

"ዝም በል፣ ልጅቷ ትሰማለች።"

ልጅቷ ሰማች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የልጅ ጆሮ ግን ባዳ አይደለም። ለማንኛውም ጋሼ ታክሲን ማንም ሊገጨው ይችላል፤ የሚሄደው መሀል መንገድ ላይ ነው።

የአሻንጉሊቷን ወሬ ግን ሁለተኛ አላወራም። ያን ያህልም አታስቅም።

ቅዳሜ ማታ

እማዬ ሰሞኑን የዕቃ ፖሊስ ሆናለች። ወንበር ካለበት ንቅንቅ ማለት የለበትም። ጫማ በሩ ላይ ከተገኘ ጩኸት ነው። የአባዬ ሻይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ የስኒው ጆሮ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ። ዛሬ ትንሿን በርጩማ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጌ ስቀመጥ "መልሻት!" ብላ የጮኸችው ጩኸት አረንጓዴዋን ያስነሣ ነበር።

"ምን አደረገችሽ በርጩማዋ?"

"ቦታዋ አይደለም!"

"የኔስ ቦታ የት ነው?"

"አንቺማ ግጭት ትችያለሽ" አለች። ምን ማለት እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ሶፋው ላይ ወደ እኔ ዞሮ ተቀምጦ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ጨዋታ አለን። እኔ ድንገት ምላሴን አወጣበታለሁ፣ እሱ ነጠላ ጫማውን ይወረውርብኛል። ጫማው ከየት እንደሚነሣ ታይቶ አይታወቅም፣ አንድ ቀንም ስቶኝ አያውቅም። ዛሬ ከክፍሉ ወዲያ ጫፍ ሆኜ ምላሴን እስከ አገጬ አወጣሁበት።

ዝም ብሎ ፈገግ አለልኝ።

ቆየሁ። ዓይኔን በጣቶቼ ለጥጬ፣ ጉንጬን ነፍቼ ሁሉ ሞከርኩ። ፈገግ እንዳለ ነው። "ምነው ዝም አልሽ ልጄ?" አለኝ።

ምናልባት ጨዋታው ሰልችቶት ይሆናል። ሰው ያረጃል። እንቅልፌ መጣ።

ሰኞ

የክረምቱ የመጨረሻ ዝናቦች ናቸው። ፈተናው ቅዳሜ ነው። ዛሬ በጭቃ ውስጥ ሁለቴ ቀጥ አድርጌ አስገባሁ። በቀስታ "እ" አለ። የእሱ "እ" ከሌላ ሰው ጭብጨባ ይበልጣል።

ሐሙስ ማታ

ተፈታኝ ጠሪውን ራሱ ይመርጣል። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት አባዬ "የምጠራሽ እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ሌላ ሰው ይጥራላት።"

"ምን ሆኜ?"

"ጉልበትህ።"

"የምጠራው በጉልበቴ ነው እንዴ? በአፌ ነው።"

"ዝናብ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ብርሃኑም..."

"ብርሃኑ ምን ሆነ?"

"ምንም" አለች እማዬ። "ብርሃኑ ምንም አልሆነም።"

ከዚያ የውኃ ድምፅ ተሰማ። ደግሞ ያችኑ ብርጭቆ እያጠበች መሆን አለበት።

አውቆ የተኛን ቢጠሩት አይሰማም ይባላል። በዚህ ቤት ሁለት አውቀው የተኙ ሰዎች አሉ። እኔም ብርድ ልብሴን ልሳብና ልተኛ። ሦስት ሆንን።

ግን ሌላ ጠሪ ብመርጥስ? ጋሼ ታክሲ ይጠራልኛል። አባዬ ምን ይሆናል? ሁሉም ሰው ፊት "ዓይኔ አይደለህም" ማለት ነው። አልችልም። የፈለገው ይምጣ።

ቅዳሜ ማታ

ፈተናው አለቀ፤ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሙከራው ሁለት ነው። በርሜሎቹ መሀል ገብተሽ ተሳቢውን ከግቢው መጋዘን የዕቃ መጫኛ መድረክ ጋር ማገጣጠም አለብሽ። መጫኛው ጠርዝ ላይ የጎማ ትራስ አለው፤ እሱን ሳም አድርጎ መቆም ነው፣ ከደበደብሽው ወደቅሽ። ጋሼ ታክሲ በሁለተኛው ሙከራ አለፈ። ወርዶ በርሜል አቅፎ አለቀሰ። እኔም ላለቅስ ነበር፣ ሳቅ ቀደመኝ።

የኔ ተራ ደርሶ አረንጓዴዋ ላይ ስወጣ በቀስታ ለሻይ ተነሣ፤ ተመልሶም ከጋሼ ታክሲና ከሌሎቹ ጋር በስተቀኝ፣ ዝናብ በማያገኘው ጣሪያ ሥር ቆመ። አባዬ ኮፍያውን ደፍቶ ከኋላ በግራ በኩል ተሰየመ። ድምፁ እንደ ድሮው ነበር፤ ሦስት መንደር ያነቃል።

"ነይ! ነይ! ቁረጪ! መልሺ! ነይ!"

ጭራዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ደስ ብሎኝ ልዘፍን ስል በግራ ስፖኪዮ ውስጥ ሰማያዊ ነገር አየሁ።

የበቀስታ ወንበር! ከነጃኬቱ፣ መንገዴ ላይ። ያ ሰውዬ እንደ ልማዱ ጥሎት ሄዷል። በስተቀኝ ላሉት ተሳቢው ስለጋረደው አይታያቸውም። አባዬ ግን አጠገቡ ነው የቆመው። እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል።

"ነይ! ባዶ ነው! ነይ!"

አየሁት። ወንበሩን አየሁ። እንደገና አባዬን አየሁ።

"ምን ትፈሪያለሽ ልጄ፣ ሜዳ ነው! ነይ!"

ጠሪው ሳይል መቆም ስድብ ነው። ሁሉም ቆሞ እያየ ነው። ብቆም "ለምን ቆምሽ?" ይባላል፣ ወንበሩ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ገበያው መታጠፊያ የሚያወራው ጋሼ ታክሲ ብቻ አይሆንም። ብቀጥል ደግሞ ወንበሩ ይደቅቃል፣ ነገሩም ያው ነው።

ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቅኩት። አረንጓዴዋ አንዴ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ይቅርታ አሮጊት።

"ጠፋብኝ!" ብዬ ጮህኩ። "እግሬ አዳልጦኝ ነው!"

በስተቀኝ ሳቁ ፈነዳ። ይሳቁ። ዘልዬ ወረድኩና ወንበሩን ይዤ በሩጫ ወደ በቀስታ መጎተት ጀመርኩ። "ጋሼ፣ ቆመህ ደከመህ፣ ተቀመጥ እንጂ!"

ማንሣት ነበረብኝ። ጎተትኩት። በሽቦ የታሰረው እግር ጠጠሩን ሲፍቀው ሲጢጥ አለ። ያንን ድምፅ በግቢው ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም።

አባዬ ጭንቅላቱን ወደ ድምፁ አዞረ። ቀጥሎ ድምፁ ወደተነሣበት ቦታ። "ነይ" የሚልበት እጁ ገና አየር ላይ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወረደ።

በቀስታ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ አባዬን አየ። ንግግሩ ነው እንጂ ጭንቅላቱ በቀስታ አይደለም። ተቀመጠና "አንድ ሙከራ ሄደ" አለ።

ወደ አባዬ ሄድኩ። ከአፌ የወጣው የራሱ ቃል ነው።

"አባዬ፣ ጉልበትህን አመመህ አይደል? ጋቢና ግባና ተቀመጥ።"

ዝናቡ ኮፍያው ላይ ይንጠባጠባል።

"አዎ" አለ። "ዛሬስ አመመኝ።"

ክንዴን ያዘ። ድሮ እኔን ወደ ጋቢናው እሱ ነበር የሚያወጣኝ።

ጋሼ ታክሲ ወዲያው ሕግ አዋቂ ሆነ። "ጠሪ ውጭ ነው የሚቆመው! እኔስ እናቴን አስቀምጬ እነዳ ነበራ!"

"ጠሪ ድምፁ እስከተሰማ ድረስ የትም ይቀመጥ" አለ በቀስታ። "ቀጥሉ። በቀስታ።"

መስኮቶቹን ከፈትን። ሞተሯን አስነሣሁ። እኔ በስፖኪዮ ያየሁትን እነግረዋለሁ፣ እሱ የሰማውን ይነግረኛል።

"የግራው በርሜል አለፈ።"

"ነይ።"

"ጭራዋ ትንሽ ወደ ቀኝ ከበደች።"

"ወደ ቀኝ ቁረጪ... መልሺ። ቀናች?"

"ቀናች።"

"ነይ... ስሚ... ወፈረ... ነይ... ነይ..."

ስፖኪዮው ገና ቦታ አለ ይለኛል። ጆሮዬ የለም ይለኛል። አባዬ ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁ።

"በቃ" አልን፣ እኩል።

እምጷ። እንደ ጉንጭ መሳም።

በቀስታ ተነሥቶ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ የጎማ ትራሱን አየ፣ በጣቱ ነካው። ተመልሶ መጥቶ በመስኮቱ ወደ እኔ አንጋጠጠ።

"እንቁላሉ" አለ፣ "ወደ ኋላም ይሄዳል።"

ማክሰኞ

እማዬ ዛሬ ጠዋት ፊቷን ሳታንቀሳቅስ "አባትሽን የጉልበት ሐኪም ጋ ውሰጂው" አለችኝ። አድራሻውን ከየት አገኘችው? ወረቀቱ በቦርሳዋ ውስጥ ከርሞ ጠርዙ ተበልቷል።

ተሳቢዋን ፈትተን በአረንጓዴዋ ሄድን። በሩ ላይ የኔን ቁመት የሚያህል ዓይን ተሥሏል።

"ምን ይላል ሰሌዳው?"

"የጉልበት ሐኪም።"

"እስኪ በደንብ አንብቢው።"

"የ... ጉል... በት።"

"እሺ" አለና ገባ።

ሐኪሟ ጉልበቱን ፊደል አስቆጠረችው። ጉልበቱ ከላይኛው ረድፍ አላለፈም። ግራው በጣም ቆይቷል አለች፤ ቀኙን መነጽር ይረዳዋል፣ ሰው ይለያል፣ ያነባል። "ከባድ መኪና ግን በቃህ" አለችው።

"ልጅ አለችኝ" አለ አባዬ።

እኔ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል ሳይ ቆየሁ፣ አምፖል ማየት ስለሚያስፈልግ።

ማታ እማዬ "ጉልበቱን ምን አሉት?" አለች።

"መነጽር አዘዙለት።"

"ጎሽ" አለች። ከዚያ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች፤ ሳቋ አልቆም ብሏት በርጩማዋን ራሷ ገለበጠቻት፣ ማንም አልጮኸም።

ሰኞ

መነጽሩ ደረሰ። አረንጓዴዋን ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከሁለት መኪኖች መሀል፣ ወደ ኋላ አስገብቼ አቆምኩ። ማንም ሳይጠራኝ። አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኩት።

አባዬ በሩ ላይ ብቅ አለ። መነጽሩ ትልቅ ነው፣ ጉጉት አስመስሎታል። ደረጃው ላይ ቆመ። ዛፉን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ እያነበበ ነው። ወደ እኔ ዞሮ ጣቱን ቀሰረ። "ጉልበት ነው ያልሽኝ አንቺ ውሸታም?"

ከዚያ አረንጓዴዋን አየ። ረጅም ጊዜ አያት። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

"ማነው" አለ፣ ሦስት መንደር በሚያነቃው ድምፁ፣ "ማነው እንዲህ አጣሞ ያቆማት?"

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጠማለች። ትንሽ።

ከመንገዱ ወዲህ ሆኜ ምላሴን እስከ አገጬ አወጣሁበት።

ኮፍያው መጣ። አልሳተኝም።